የቅኝቶቹ አገር ባንድ ሲያጣ፦ ደሴ የጃዝ መድረክ ለምን የላትም?

አራቱን ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም የአገራችን ዜማ የሚሠራባቸውን የድምፅ ስብስቦች፣ ጥራ ቢባል፣ ሙዚቃ ያልተማረ ሰው እንኳ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብሎ ይጨርሳል። ከአራቱ ሁለቱ የቦታ ስም ናቸው። ሁለቱም ቦታዎች ከደሴ በሚኒባስ ይደረስባቸዋል። ወደ ባቲ የሐረጎን ዳገት ወርዶ በኮምቦልቻ በኩል ነው። ወደ አምባሰል ደግሞ ሐይቅን አልፎ የውጫሌን መንገድ መያዝ ነው።

ኢትዮ ጃዝ የተቀዳው ከነዚህ ቅኝቶች ነው። ዛሬ ፓሪስም ለንደንም ሰው ትኬት ቆርጦ ይሰማዋል። የደሴ ወጣት ግን በሳክስፎን የሚነፋ አምባሰል በአካል ልስማ ቢል፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለበት። በየሳምንቱ ቀን ቆርጦ ጃዝ የሚጫወት ባንድ እዚህ ከተማ ጠይቄ አላገኘሁም። ኮምቦልቻም ያው ነው። የባህል ምሽት ቤት አለ። ኪቦርድ ያለበት ሆቴል አለ። ሠርግ ሞልቷል። የጠፋው ባንድ ነው።

ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ምክንያቱን ስፈልግ ከርሜያለሁ። ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ምክንያት ደግሞ ትክክለኛው አይመስለኝም።

"ሕዝቡ አይወድም"

ስጠይቅ መጀመሪያ የሚመጣው መልስ "የደሴ ሰው ጃዝ አይሰማም" የሚል ነው። የሆቴል ባለቤቶች ይሉታል። ሙዚቀኞቹ ራሳቸውም ይሉታል። ጃዝ የአዲስ አበባ፣ ያውም የቦሌ ሰው ነገር ነው ይላሉ።

እኔ አልቀበለውም። ስሙን ትተን ነገሩን እንየው። አንድ ዜማ ይያዛል። አንዱ ተጫዋች ከዜማው ወጣ ብሎ የራሱን ይፈጥራል። ሌሎቹ ከሥር ሆነው ይይዙለታል። አድማጩ የተፈጠረውን ይለያል፤ ሲጥመው ድምፁን ያሰማል። ይህን ለወሎ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። መንዙማ የኖረው በዚህ አካሄድ ነው። መሪው ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፣ ድቤው ይይዛል፣ ጭብጨባው እየከረረ ይሄዳል። ጀማ ንጉሥ፣ ዳና፣ ጥሩ ሲና፣ እነዚህ ሁሉ ከመሪው ጋር አድማጭም ያፈሩ ቦታዎች ናቸው። መሪው አንዲት ቃል ላይ ቆየት ሲል ወይም ዜማውን ትንሽ ከፍ ሲያደርገው ተቀባዩ ወዲያው ይገባዋል። መንዙማ አምልኮ ነውና ወደ ምሽት ቤት ይጎተት አልልም። ያፈራው ጆሮ ግን መንዙማ ከሚባልበት ጉባኤ፣ ከሐድራው፣ ሲወጣም አብሮን ይሄዳል።

መሲንቆውም እንዲሁ ነው። አዝማሪ ቆሞ ግጥም ይፈጥራል። ታዳሚው "ተቀበል" ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪው ይቀበልና ዜማውን እያለዋወጠ ይመልስለታል። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሕዝብ አምስት ደቂቃ የሳክስ ሶሎ ይሰለቸዋል ብዬ አላምንም። የሚሰለቸው ቅኝቱ የጠፋበት ሶሎ ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ደመወዝ የነበረው ሙዚቀኛ

ስለ ኢትዮ ጃዝ ስናወራ አንድ ሰው እንጠራለን። ሙላቱ አስታጥቄ መጠራቱ ይገባዋል። ጅማ ተወልዶ፣ እንግሊዝና አሜሪካ ተምሮ፣ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት ከባለ አሥራ ሁለት ድምፁ የምዕራቡ ሙዚቃ ጋር አስማማው። ሆኖም አገሩ ሲመለስ የጠበቀው ባዶ ሜዳ አልነበረም። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነበር። የፖሊስ ኦርኬስትራ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ነበር። ከነሱም በፊት በራስ ተፈሪ ዘመን ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ኖረዋል። ቀጥሎ ነርሲስ ናልባንዲያን መጥቶ የአገር ቤቱን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ እየጻፈ ብዙ ሰው አሠለጠነ።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነበር። ቀን ልምምድ ይገባል፣ ሲጠራ ይጫወታል። ሰው የሚያስታውሰው የሆቴሉን ማታ ነው። ማታውን የወለደው ግን የቀኑ ልምምድ ነው።

ደሴም የራሷ ነበራት። በደርግ ጊዜ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን እዚህ ይሠራ ነበር። አምባሰልን በድምጿ ያነገሠችው ማሪቱ ለገሰ ከዚያ ቤት ናት። ኪነት የመንግሥት ቅስቀሳ ነበር የሚል ሰው አለ። ልክ ነው፣ ለአብዮቱ ይዘፈን ነበር። ቢሆንም ድምፃዊው፣ መሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱና ተወዛዋዡ በአንድ ጣራ ሥር ይገናኙ ነበር። ታናሹ ከታላቁ ይቀስም ነበር። ደሴ ላይ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማለት እሱ ነበር።

1983 መጣ። ክፍለ ሀገሮች ቀሩ። ደሴ የክፍለ ሀገር ዋና ከተማነቷ አበቃና የዞን ከተማ ሆነች። የክልሉ መቀመጫ ባሕር ዳር ሆነ። የክልሉ ባህል ቢሮ እዚያ ነው፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከልም እዚያ ነው። ባሕር ዳርን ለመክሰስ አይደለም ይህን የማነሳው። በጀት መቀመጫውን ተከትሎ ይሄዳል። ሙዚቀኛም በጀቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ካልሆነም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እዚህ የቀረው የራሱን ጉዳይ በራሱ ሊወጣ ቀረ። እንዲህ የቀረ ሰው የሚያዋጣውን ይመርጣል። ያዋጣው ደግሞ ኪቦርድ ሆነ።

የኪቦርዱ ግራ እጅ

ባለፈው ጥር ፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ ሠርግ ላይ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ጎን ቆሜ ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው። ቀኝ እጁ ዜማውን ይጫወታል። ግራ እጁ ሦስት ቁልፍ ይጫናል። የቀረውን ማሽኑ ራሱ ይሠራዋል፤ ድራሙን፣ ቤዙን፣ ጊታሩን። ሙዚቀኞቹ "ስታይል" ይሉታል። የጭክጭካ ስታይል አለ፣ የሬጌ አለ፣ የጉራግኛ አለ። አንዱን መርጦ ግራ እጅን ማሳረፍ ነው። ባለ ስድስት ሰው ባንድ ይመስላል።

ለባለ ሠርጉ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ኪቦርድ፣ ድምፃዊ፣ ሞንታርቦ፤ አለቀ። ድራመር ቢጨመር የአንድ ሰው ክፍያ ይጨመራል፣ ድራሙን የሚያመላልስ መኪናም ይጨመራል። ሳክስ ቢጨመር ሌላ ሰው ነው። ለሁለት ሰው የታሰበ ብር ለስድስት ሲካፈል ለማንም አይበቃም። ሆቴሎቹም የሚያሰሉት እንደዚሁ ነው። የኑሮ ውድነቱን ሁላችንም ስለምናውቀው ማንንም ለመውቀስ አልቸኩልም።

የገንዘቡን ነገር ሁሉም ያወራዋል። ስለ ድምፁ ሲወራ ግን አልሰማሁም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

ማሽኑ ቤዝና ጊታሩን ለማጫወት ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚጫኑ ድምፆች፣ ይፈልጋል። ኮርዶቹ ደግሞ ለፈረንጅ ዘፈን የተሰናዱ ናቸው፤ በዋናነት ሜጀርና ማይነር። አምባሰልን ከዶ እንጀምረው። አምስቱ ድምፆች ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል እና ዝቅ ያለ ላ ናቸው። ቤቱ ዶ ነው፤ ዜማው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያ ነው። ዶ ላይ ሜጀር ኮርድ ለመሥራት ሚ ያስፈልጋል። ማይነር ለመሥራት ዝቅ ያለ ሚ ያስፈልጋል። አምባሰል ውስጥ ግን አንዱም ሚ የለም።

ስለዚህ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዜማው በሚያርፍበት ቦታ ላይ የሚጫነው ኮርድ የለውም። ጣቱ የሚስማማውን ይፈልጋል። ፋ ማይነርን ያገኛል። ፋ፣ ዝቅ ያለ ላ እና ዶ፣ ሦስቱም አምባሰል ውስጥ አሉ። ማሽኑም ቤዙን ፋ ላይ ይተክለዋል። ድራሙ ይመታል። ሰው ይጨፍራል። አምባሰል ግን ቤቱን ለቅቋል። ጆሮ የሚሰማው በፋ ማይነር የተሠራ ዘፈን ነው። ከዶ ተነስቶ ዝቅ ወዳለው ሬ ግማሽ እርምጃ ብቻ ብሎ የሚመለሰው፣ ሆድ የሚያባባው ነገር ክብደቱን ያጣል። ማሪቱን እየሰማ ያደገ ሰው አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አይለየውም።

ባቲ ዕድለኛ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሆነ ዶ ላይ ሜጀር ኮርዱ ሙሉ ነው። እንዲያውም ሲ ስትጨመርበት ጃዝ ተጫዋቾች የሚወዱት ባለ ሰባተኛው ሜጀር ይወጣል። ትዝታ ሜጀርም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ አይቸገርም። ጉዱ ያለው አንቺሆዬ ላይ ነው። ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ። ሚ የለውም፤ ሶሉም ራሱ ዝቅ ብሏል። በሠርግ ቤት አንቺሆዬ እየቀነሰ ቢመጣ አይግረማችሁ። ሰው ስለጠላው አይመስለኝም፤ ለማሽኑ ስለማይመች ነው።

በዚያ ላይ አዝማሪው አንቺሆዬን ሲያዜም ድምፆቹ ፒያኖው ቁልፍ ላይ ልክክ ብለው አያርፉም። ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ ይላሉ። ቃናው ያለው እዚያ ጥቂት ውስጥ ነው። አንድ ምሽት ቤት ውስጥ መሲንቆ ተጫዋቹ ከኪቦርድ ጋር ለመጫወት ሲዘጋጅ አይቻለሁ። ውጭ የደሴ ጭጋግ ወርዷል። እርጥበት ሲገባው የፈረስ ጭራው ክር ይላላል። መቃኛውን ጠምዘዝ አደረገ። ጆሮውን ወደ ሞንታርቦው ሰጠ። እንደገና ጠምዘዝ። ኪቦርዱ ንቅንቅ አላለም። መሲንቆው ነው ወደሱ የሄደው። ሁልጊዜም የሚሄደው መሲንቆው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደህና ቤዚስት ቢኖር ነገሩ በአንድ ማታ ይቃለላል። ቤዙ ዶን ይዞ አይለቅም። ፒያኖው ሜጀርና ማይነሩን ይተውና ዶን፣ ፋን እና ሶልን አንድ ላይ ይጫናል። ሦስቱም የአምባሰል ናቸው፤ ሚ አይፈልጉም። ወይም ዶንና ዝቅ ያለችውን ሬ ሆን ብሎ አጋጭቶ ይተዋቸዋል። ሳክሱ መሲንቆው በሚያርፍበት ልክ ድምፁን ጎንበስ ቀና ያደርጋል፤ በከንፈር ስለሚነፋ ይችላል። ይህ ሁሉ ሰዎች ተያይተው፣ ተደማምጠው፣ ደጋግመው ሠርተው የሚመጣ ነው። ስታይል ውስጥ ተጭኖ አይመጣም። ደሴ ባንድ ያስፈልጋታል የምለው ከተማዋ እንድታምር ብዬ አይደለም። ባንድ ከሌለ ከጊዜ በኋላ አምባሰልን በስሙ ብቻ ነው የምናውቀው።

ማታው ሲያጥር

ባንድ ቢቋቋምስ መቼ ይጫወታል? ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 መጨረሻ በጦርነቱ ተይዘው ነበር። የተመለሱት ኅዳር 27 ነው። የዘረፋውን ታሪክ እዚህ አልደግመውም፤ ያየው ያውቀዋል። በቅጡ ሳይተነፈስ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ተራዝሞ አሥር ወር ያህል ቆየ። ሰዓት እላፊ ለሌላ ሰው ቶሎ ቤት መግባት ነው። ለሙዚቀኛ ግን ሥራ ማጣት ነው። አዋጁ ካበቃ በኋላም በክልሉ ያለው ግጭት አላበቃም። ሰው ከመሸ አይወጣም፤ ቢወጣም ሰዓቱን እያየ ነው የሚቀመጠው።

በዚያ ላይ ሐረጎ አለ። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙዚቀኛው ሁለቱን እንደ አንድ ገበያ ይዞ ዓርብ እዚህ፣ ቅዳሜ እዚያ ቢጫወት ባንድ ማኖር ይቻል ነበር። ግን ሌሊት ድራም ጭኖ ያንን ዳገት መውጣት ማን ይደፍራል? ትንሹ ገበያ ለሁለት ተከፍሎ ቀረ።

በነገራችን ላይ ለመድረክ የምትመቸው ኮምቦልቻ ናት። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ማታ ደጅ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ መስማት አይታሰብም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ምሽቷ ለስለስ ያለ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አለ፣ ከ2009 ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አለ። የወር ደመወዝ የሚያገኝ ወጣት አለ። ይህ ሁሉ ወጣት ከሥራ ሲወጣ ከዲኤስቲቪ ኳስ ውጪ የሚጠብቀው ነገር ብዙ አይደለም።

ሁለት ጾም

የሰላሙ ጉዳይ ነገ ቢስተካከልም የዘመን አቆጣጠሩ አለ። ደሴ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ከተማ ናት። ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ ምሽት ቤቱ ይቀዘቅዛል። ይህ ያለና የሚከበር ነገር ነው። ሙዚቀኛው ግን በዚያ ወቅት ምን ይበላል የሚለውን አስቦ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22። በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ረመዳን የካቲት 11። ሁለቱ ተደራርበው ስለመጡ ደረቁ ወቅት ሁለት ወር ያህል ሆኖ አለፈ። የ2019 ግን ከበድ ይላል። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። ስለዚህ የካቲት 1 አካባቢ ይገባል። ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 29 ይጀምራል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይተካል ማለት ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ወደ ሦስት ወር የሚጠጋ ሥራ የሌለበት ጊዜ ይመጣል።

ብቻውን የሚሠራ ኪቦርድ ተጫዋች ይህን ይችለዋል። ቀን ሌላ ሥራ ይኖረዋል፣ ወይም ኪቦርዱን ሸፍኖ ይጠብቃል። ስድስት ሰው በሳምንታዊ ክፍያ የሚያስተዳድር ባንድ ግን ሦስት ወር ባዶ ከሆነ ይበተናል። ዓመቱ ራሱ ለአንድ ሰው ባንድ ያደላል።

ዩኔስኮ ሚያዝያ 22ን ዓለም አቀፍ የጃዝ ቀን ብሎ ሰይሞታል። በ2019 ይህ ቀን የሚውለው ስቅለት ላይ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ዝግጅት የሚያስብ ሰው ካለ የራሱን ቀን ይምረጥ። ጥር ወይም ግንቦት የተሻለ ነው።

የቅጂ መብቱን ጉዳይ የሚያነሱም አሉ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 ሙዚቃን ለንግድ የሚጠቀም ድርጅት ለባለመብቱ እንዲከፍል መንገድ አበጅተዋል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም። ሌላው የደረሰውን ወይም የአባት የእናቱን ዜማ በመሲንቆ የሚጫወት የወሎ ሰው በደራሲነት የሚያገኘው አይኖርም። የደሴን ችግር ሮያሊቲ ይፈታዋል ብዬ አልጠብቅም።

ቀኑን መውሰድ

እኔ የማስበው ይህን ነው። ማታውን ለጊዜው እንተወው። ጃዝ የግድ ከእኩለ ሌሊት ጋር አልተጋባም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ፒያሳ ይወጣል። ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት የሚሆን ሁለት ሰዓት አለ። የአሱር ሶላት አልፏል፣ መግሪብ አልደረሰም፣ ሰው በባጃጅ በሰላም ቤቱ የሚገባበት ሰዓት ነው። ወሎ ባህል አምባ አዳራሽ አለው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ ዶርም ውስጥ ጊታር የሚነካካ ተማሪም አይጠፋም። የኮሪደር ልማቱም ደሴና ኮምቦልቻ ገብቷል፤ ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድ እየመጣ ነው። ከጎኑ ትንሽ ከፍ ያለ ወለልና አንድ የመብራት ሶኬት ቢታሰብበት መድረክ ሆነ ማለት ነው። ዕቅድ የሚያወጡት ሰዎች ይህን እንዲያስቡበት ከልቤ እጠይቃለሁ፤ ንጣፉ ካለቀ በኋላ መቆፈር ይከብዳል።

ጩኸቱስ የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በየአቅጣጫው ያሉበት ከተማ ነው። ግን ሳክስ፣ ኮንትራባስና መሲንቆ ከሠርግ ሞንታርቦ ጋር አይወዳደሩም። ብዙውን ጊዜ ያለ ማጉያ ይሰማሉ።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ሠርጉን መልሼ አነሳዋለሁ። ሠርግ ቤት ውስጥ ማንም የማይጠቀምበት አንድ ሰዓት አለ። እንግዳው ተቀምጧል። ሙሽሮቹ ፎቶ ላይ ናቸው። ይመጣሉ እየተባለ ይጠበቃሉ። በዚያ ሰዓት ከፍላሽ ላይ ግጥም የሌለው ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይለቀቃል፤ ብዙውን ጊዜ ትዝታ ነው። ሰው ያወራል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ይሰማል። ያ ሰዓት የጃዝ ሰዓት ነው። አድማጩ ተሰብስቧል፣ ወንበሩ ተከፍሎበታል፣ ማንም ጨፍር አይለውም። አራት ሰው ያለው ትንሽ ባንድ ያንን አንድ ሰዓት ብቻ ይውሰድ። ኪቦርዱ ከዚያ በኋላ የጭፈራውን ይቀጥል። ማንም ከሥራው አይፈናቀልም። ባለ ሠርጉ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ባንዱ ደግሞ በጥርና በግንቦት ቅዳሜና እሑድ ሁሉ ሥራ አለው። ኮምቦልቻ ላይ ሲሆን ቀን ተሠርቶ ቀን ሐረጎን መውጣት ይቻላል።

የሆቴል ባለቤቶቹም ቢሆኑ በየግላቸው ባንድ መቅጠር አይችሉ ይሆናል። ሦስቱ ተስማምተው አንድ ባንድ ሊይዙ ግን ይችላሉ። ሐሙስ አንዱ ጋ፣ ዓርብ ሌላው ጋ። እንግዳ ይሻሙ የለ እንዴ የሚል ይኖራል። ዛሬም በአንድ ዓይነት ኪቦርድ ነው የሚሻሙት።

የ2019ን ሦስት ወርም እንደ ባዶ ጊዜ አላየውም። ሥራ የለም ማለት ሰው አለ ማለት ነው። በሌላ ጊዜ አራት ሙዚቀኛ ደሴ ላይ አንድ ላይ ማግኘት ከባድ ነው፤ አንዱ ወልድያ ሠርግ ላይ ነው፣ ሌላው ሐይቅ ነው። በጾሙ ሁሉም ቤቱ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ቁልፍ ያለው አንድ ክፍል፣ አንድ ድራም፣ ለሻይና ለትራንስፖርት የሚሆን ብር ቢገኝ ኪነት ይሰጥ የነበረው ነገር በትንሹ ይመለሳል። ብዙ ዘፈን አያስፈልግም። ከአራቱም ቅኝቶች ሁለት ሁለት ይበቃል። አንቺሆዬ በመጨረሻ ይምጣ፤ እሱ ጊዜ ይፈልጋል። በልምምዱ ላይ አንድ ሕግ ብቻ ይኑር፤ መጀመሪያ መሲንቆው ይቃኝ፣ ሌላው ሁሉ ወደሱ ይምጣ። ፒያኖው አኩስቲክ ከሆነ መምጣት አይችልም። ኪቦርድ ከሆነ ግን የድምፁን ከፍታ በቅንብሩ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል፤ ተጫዋቾቹ ያውቁታል፣ የጠየቃቸው የለም እንጂ።

ለዚህ የሚሆን ሰው አለ ወይ? መሲንቆ ተጫዋች ሞልቷል። ኪቦርድ የሚችል ልጅ በየሠፈሩ አለ። ድራም ከቤተ ክርስቲያን ከበሮም ከሠርግም የመጣ እጅ አያጣም። ሳክስ ለጊዜው ዋሽንት ይተካዋል፤ እንዲያውም ለአምባሰል ሳይሻል አይቀርም። እስካሁን ጠይቄ ያጣሁት ቤዚስት ነው። የቤዝ ጊታር ያለው፣ ዶን ይዞ ለመቆየት ትዕግሥት ያለው ሰው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ካለ፣ ከሱ ነው መጀመር ያለብን።